የተወለወለው ጠመንጃ

ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ብቅ ያላለችበት የመጋቢት ሐሙስ ነበር። ከሲያትል አጠገብ ካለችው ከሬንተን ከተማ በስተምሥራቅ፣ አስፋልቱ ጠቦ ጠቦ ከጥዶቹ መሀል በሚጠፋበት በኩል፣ አንድ ሰፊ መስክ አለ። ጭጋጉ ከሣሩ ተነሥቶ እስከ ሰው ወገብ ይደርስና ከዚያ በላይ መውጣት ይሰለቸዋል። መርማሪ ሶስና ከመኪናዋ ወርዳ ወደ መስኩ ስታይ፣ ቀድመዋት የደረሱት ፖሊሶች እግር የሌላቸው መሰሏት። ከወገባቸው በላይ ብቻ ወዲህ ወዲያ ይንሳፈፋሉ። ሰሞኑን እንቅልፍ እምቢ ብሏታልና፣ ለአፍታ ያህል ቤቷ ተኝታ የምታልም መስሏት ነበር።

"ሶሲ!" ብሎ ጠራት ባልደረባዋ ኦልሰን። ኦልሰን ቁመቱ የስልክ እንጨት የሚያክል፣ ሕልም የሚባል ነገር አይቶ የማያውቅ መርማሪ ነው። "ነይ እይው። ያገርሽ ሰው ነው።"

ሟቹ ሰባ ዓመት የሚሆነው ሽማግሌ ነው። በጀርባው ተኝቷል፤ ፊቱ ላይ የሱፍ ሻርፕ ተዘርግቷል። ሶስና ሻርፑን ገለጥ አደረገችው። ዓይኖቹ ተከድነዋል፤ እጆቹ ደረቱ ላይ ተጣጥፈዋል። ከእጆቹ ሥር ጃኬቱ ተቃጥሎ ጠቁሯል። ከጎኑ ካለው የእንጨት ጠረጴዛ ላይ አንድ ረጅም ጠመንጃ ተደግፏል።

"ተክለ ጻድቅ ይባላል" አለ ኦልሰን፤ ስሙን ሲጠራ ምላሱ ሁለት ቦታ ተሰናከለችበት። "ከአውሮፕላን ፋብሪካው ጡረታ የወጣ ነው። እዚህ እየመጣ ኢላማ ይተኩሳል። ጠመንጃው የድሮ ዓይነት ነው፤ ባሩዱንም አረሩንም በአፈሙዙ ነው የሚያጎርሱት።"

"በዚሁ ነው የተመታው?"

"ጉዱ እሱ ላይ ነው። ባሩድ የተተኮሰበት ጠመንጃ ውስጡ እንደ ጭስ ማውጫ ይጠቁራል። ይሄ በዘይት ተወልውሎ ያብረቀርቃል። ስለዚህ ሌላ ጠመንጃ ነበር፤ ሌላ ሰውም ነበር። ነፍስ ግድያ ነው።"

ሬሳውን ያገኘው ከወንዙ ማዶ የሚኖረው የመስኩ ጠባቂ፣ ሃንክ የሚባል ሽማግሌ ነው። ጠዋት ተኩስ ሰምቷል፤ ነጭ ጭስም ከዛፎቹ በላይ ሲወጣ አይቷል። ይህ የሁልጊዜ ነገር ስለሆነ ቡናውን መጠጣቱን ቀጠለ። እኩለ ቀን ላይ የአቶ ተክለ ጻድቅ መኪና አለመሄዷ ከነከነውና መጣ።

"የመጨረሻዋ ተኩስ ግን ልክ አልነበረችም" አለ ሃንክ ኮፍያውን እያሻሸ። "መጀመሪያ ጠቅ አለች። ከዚያ ዝም። ተወው፣ ከሸፈች ስል፣ ድም አለች።"

"ሁለት ጊዜ ተተኩሷል ማለት ነው?"

"አይደለም፣ አንድ ናት። ለማሳል ስታመነታ የቆየች ዓይነት ናት።"

ኦልሰን ይህን ሲሰማ ዓይኑን ወደ ሰማይ ሰቀለ። ሶስና ግን የሽማግሌውን ቃል ከልቧ አስቀመጠችው። ከጠረጴዛው ኋላ ሣሩ በጥቁር ውሃ ርሷል፤ አጠገቡ ባዶ ቴርሞስ ወድቋል። ጎንበስ ብላ ስታሸተው ውሃው የገማ እንቁላል ይሸታል። ተኳሹ ከሚቆምበት ጥቂት ወደፊት ደግሞ ጫፋቸው የተለበለበ ክብ ክብ የአቡጀዴ ቁርጥራጮች ሣሩ ላይ ተበትነዋል። ስድስት ናቸው፤ አንዱ ብቻ ወደ ሬሳው ጎን ወድቋል። ምንነታቸውን አላወቀችም፤ ሰብስባ በየከረጢታቸው ከተተቻቸው። የኢላማው መስቀያ ባዶ ነበር።

*

በማግስቱ የአስከሬን መርማሪው ሐኪም የኦልሰንን ሐሳብ ገለበጠው። አረሩ ለዚያው ለተወለወለው ጠመንጃ የተለካ ነው። ጃኬቱ ላይ ካለው ጥቁረት አፈሙዙ ከደረቱ ስንዝር ያህል እንኳ አይርቅም ነበር።

"እንግዲያው ራሱን ነው የገደለው" አለ ኦልሰን፣ የትናንት ሐሳቡን እንደ ወለቀ ካልሲ ጥሎ። "ከቤተሰቡ አንዱ ቀድሞ አገኘው። አፈረ። ሰው የገደለው እንዲመስል ጠመንጃውን አጥቦ፣ ፊቱን ሸፍኖ ሄደ። እስከ ሰኞ ሪፖርቱን እንጨርሳለን።"

ሶስና ቤተሰቡ እንዲህ ያለውን ነገር ለምን እንደሚደብቅ ከእሱ የበለጠ ታውቃለች። ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት የለም። ለኦልሰን ይህን ማስረዳት ይቻል ይሆናል፤ ግን ከየት ይጀመራል?

ለቅሶው የአቶ ተክለ ጻድቅ ሴት ልጅ መክሊት ከባሏ ጋር በምትኖርበት፣ ሬንተን ባለው ቤት ነው። እንግዳው ከሳሎን አልፎ ጋራዡን ሞልቶታል። ሶስና ስትገባ፣ ስድሳውን ያለፈ ትከሻ ሰፊ ሰው አራት አራት ወንበር ደራርቦ እየተሸከመ ያልፋል፤ አስቀምጦ ይመለስና ደግሞ ውሃ ያዞራል። ለመቀመጥ የፈራ ይመስላል።

"ጋሽ ኡርጌሳ ናቸው" አለች መክሊት፣ ከቤተ ክርስቲያን የምታውቃትን ሶስናን ወደ ጓዳ እየሳበች። "የአባዬ ጓደኛ። ከትናንት ጀምሮ አላረፉም።" በሩን ዘጋች። ፊቷ ከለቅሶ ብዛት አብጧል። "ሶሲ፣ አባ ኪዳነ ወልድ ደወሉ። ከፖሊስ ወሬው ደርሷቸዋል። ራሱን ነው ከተባለ ፍትሐት ማድረግ አልችልም አሉኝ። ቀብሩ ሰኞ ነው። አባቴ እንደ ውሻ ነው የሚቀበረው?"

"ለሰው ነገርሽ?"

"ለማን ልንገር? እዚህ ቤት ለባሌ እንኳ አልነገርኩም። አፈርኩ።" አለቀሰች። "እሺ፣ ዓይኑ እየደከመ ነበር። ዶክተሩ ማየት ታቆማለህ ብሎታል። ከፍቶት ነበር፣ አልዋሽሽም። ግን አባዬ እንዲህ አያደርግም።"

ሶስና የአቡጀዴዎቹን ፎቶ ከስልኳ አሳየቻት። መክሊት ዓይኗን ጠረገች።

"ጨርቁ ነው። አረሩን ይጠቀልልበታል። ሲተኮስ ጨርቁ ወደፊት ይወድቃል። በቅባት ነክሮ፣ እስኪያጎርሰው ድረስ ልብስ ሰፊ መርፌ እንደሚይዘው አፉ ውስጥ ነው የሚይዘው። እማዬ በሕይወት ሳለች ሲያስጠላት!"

"በምን ቅባት ነው የሚነክረው?"

"ሌላ ጊዜ በሞራ። በጾም በወይራ ዘይት። አፉ ውስጥ የሚገባ ነገር አይደል እንዴ? ዓሣ የማይቀምስ ሰው በሁዳዴ ሞራ ሊልስ ነው?"

ስትወጣ ሶስና ኡርጌሳን በር ላይ አገኘችውና ሐሙስ ዕለት ወደ መስኩ አብረው ሄደው እንደሆነ ጠየቀችው።

"የእኔዋ ጠመንጃ ጥገና ቤት ናት፣ ልጄ" አላት ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። "ቃታዋ ተሰብሮ ነው።" ከዚያ ወንበሮቹን አንሥቶ ሄደ።

ኦልሰን ጥገና ቤቱ ድረስ ሄዶ አጣራ። እውነት ነው፤ የኡርጌሳ ጠመንጃ ከአሥር ቀን በፊት ጀምሮ ተፈታታ ጠረጴዛ ላይ ተኝታለች። ኦልሰን ስሙን ከሐሳቡ ሰረዘው።

*

የዚያን ዕለት ከሰዓት ሶስና ከረጢቶቹን በየተራ ከፍታ አሸተተች። አምስቱ ባሩድና የወይራ ዘይት ይሸታሉ። ከሬሳው ጎን ያነሣችውን ስድስተኛውን ወደ አፍንጫዋ ስታስጠጋ ግን ቢሮው፣ መስኮቱ፣ መስኮቱን የሚደበድበው የሲያትል ዝናብ፣ ሁሉም ራቀባት። ከባሩዱ ሥር ሌላ ሽታ አለ። ኮሰረት ነው፤ ኮሰረት የገባበት ንጥር ቅቤ።

"ኦልሰን፣ ይሄን አሽትተው።"

አሸተተ። "የተቃጠለ ጨርቅ።"

"ቅቤ ነው። የገደለውን ጥይት ያጎረሰው እሱ አይደለም። ጾም ነው፤ ይህን ጨርቅ ከከንፈሩ አያስጠጋውም።"

"ሊሞት የወሰነ ሰው ስለ ጾም ይጨነቃል?"

"ለመሞት የወሰነ ሰው አዲስ ቅባት ፍለጋ ይሄዳል?"

ኦልሰን አገጩን አከከ። "ሽታ ብዬ ሪፖርት ልጽፍ? አለቃችን አንብቦ ምሳ የት በላችሁ ነው የሚለን።"

ለአባ ኪዳነ ወልድ ደወለች። የጨርቁን ነገር ነገረቻቸው።

"ልጄ፣ መከልከሉ ለእኔ ደስ የሚል መስሎሽ ነው?" አሉ ቄሱ። "ተክለ ጻድቅን አውቀዋለሁ። ሥርዓቱ ግን የእኔ አይደለም። ከናንተ አንድ ቃል ስጡኝ። በጥርጣሬ ሥርዓት አላፈርስም፣ በጥርጣሬም ሰው አላስቀርም።"

"እስከ መቼ ይጠብቁኛል፣ አባ?"

"ሬሳው ከቤተ ክርስቲያን በር እስኪደርስ።"

*

በዚያ ቤት ጾም የማይጾመው አንድ ሰው ነው፤ የመክሊት ባል ዘካሪያስ። ቤልቪው ከተማ የሚሠራ ኢንጂነር ነው። አማቱ ጠመንጃ ቤት ውስጥ ማስቀመጡን እንደማይወድ፣ በገና ሰሞን ድምፅ እስኪወጣ እንደተጨቃጨቁ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። ሐሙስ የት ነበርክ ስትለው "ኦፊስ ነበርኩ" አለ። ኦፊሱ ስትደውል ደግሞ ዘካሪያስ የሚባል ሠራተኛ ከጥር ጀምሮ እንደሌላቸው ነገሯት።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋ ውስጥ አስቀመጠችውና "እስቲ ሐሙስ የነበርክበት ውሰደኝ" አለችው።

መንገዱን አሳያት። ከሌክ ዋሽንግተን ሐይቅ ዳር፣ አንድ የእንጨት አግዳሚ ወንበር ላይ ወሰዳት። ውሃውና ሰማዩ አንድ ቀለም ሆነው የቱ የት እንደሚያልቅ አይለይም። ከማዶ ያለው ከተማ አንድ ጊዜ ይታያል፣ አንድ ጊዜ ይጠፋል።

"ሌይኦፍ አደረጉኝ፣ ከሥራ ቀነሱኝ" አለ ዘካሪያስ። "ለመክሊት መንገር አቃተኝ። ጠዋት ጠዋት ላፕቶፔን ይዤ እወጣና እዚህ ፓርክ አደርጋለሁ። እንግዲህ ዳክዬ አያለሁ። ይሄው ነው ሥራዬ።"

አጠገባቸው ባለች ትንሽ ሱቅ ሳንድዊች የምትሸጠው ሴት በመስኮቷ ብቅ ብላ እጇን አወዛወዘችለት። ሶስና ሄዳ ጠየቀቻት። ሐሙስ ከጠዋት እስከ ሥራ መውጫ እዚያው እንደነበር ሴትየዋ ማለችላት፤ ሲከፋውም ታውቀዋለች።

"ጋሽ ተክሌ ያውቁ ነበር" አለ ዘካሪያስ ስትመለስ። "አንድ ቀን በዚህ ሲያልፉ አዩኝ። አጠገቤ ቁጭ አሉ። አንድ ነገር አልጠየቁኝም። ሽሮ የተቀባ ዳቦ ይዘው ነበር፤ ግማሹን ቆርሰው ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጡ ነበር።" ከጎኑ ያለውን የወንበሩን ባዶ ቦታ ዳሰሰ። "ያለፈው ማክሰኞ ሲነሡ 'ሳምንት እንገናኝ፣ ቲማቲም እጨምርበታለሁ' አሉኝ። መክሊት ከቄሱ ጋር በስልክ ስታወራ ሰምቻለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ራሱን ያጠፋል? አንቺ ነሽ ፖሊሷ፣ ንገሪኝ እስቲ።"

ሶስና የመኪናዋን ቁልፍ አወጣች። "ለመክሊት ንገራት" አለችው። "ዛሬውኑ።"

*

ዘካሪያስን አድርሳ ስትመለስ ስልኳ ጮኸ። የደወለችው ሞንታና የምትኖር ሴት ናት፤ ዶሪስ ትባላለች። ድምፅዋ ያረጀ ቢሆንም ቀልጣፋ ነው። ኦልሰን ቁጥሯን ከሟቹ ወረቀቶች መሀል አግኝቶ መልእክት ትቶላት ነበር።

ዶሪስ ተክለ ጻድቅ ይካፈልበት የነበረ የወዳጅነት ውድድር ጸሐፊ ናት። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ተኳሾቹ በየሀገራቸው፣ በየመስካቸው፣ በአፈሙዝ የሚጎርሱ ጠመንጃዎቻቸውን ይዘው አምስት አምስት ጥይት ይተኩሳሉ። የተበሳውን ኢላማ በፖስታ ለዶሪስ ይልካሉ። እሷ ቀዳዳውን ለክታ፣ ማን እንደበለጠ ለሁሉም ትጽፍላቸዋለች። ሽልማቱ አንድ ማሰሮ ማር ነው። ብዙዎቹ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲወዳደሩ ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም፤ አንዱ የሌላውን እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ከቀዳዳው ያውቃሉ።

"የተክሌ ኢላማ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ" አለች ዶሪስ።

ሶስና መኪናዋን ዳር አስይዛ አቆመች። "መቼ የተላከ ነው?"

"ሐሙስ ከሰዓት የፖስታ ቤት ማኅተም አለበት። አምስቱም ቀዳዳ እዚያው በእዚያው ናቸው፣ የጽጌረዳ እንቡጥ መስለው። ያ ዓይን እንዴት እንዲህ አየ እያልኩ ሳለቅስ ነበር። ችግሩ፣ የምስክሩ ፊርማ የለበትም። ያልተፈረመበትን አልቆጥርም፤ ሕጋችን ነው።"

ሐሙስ ከሰዓት ተክለ ጻድቅ በሕይወት የለም። ኢላማውን ፖስታ ቤት ያስገባው ሌላ ሰው ነው። ኢላማውን በታማኝነት ለመላክ የደፈረ፣ ፊርማውን ለማስቀመጥ ግን ያልደፈረ ሰው።

"ዶሪስ፣ መጀመሪያ ጠቅ ብላ፣ ዝም ብላ፣ ከቆይታ በኋላ የምትፈነዳ ተኩስ ታውቂያለሽ?"



"ባሩዱ እርጥበት ሲይዘው ነው" አለች ዶሪስ ቀስ ብላ። "ከላይ ያለችው እሳት ጫሪ ቆብ ትፈነዳለች፣ እሳቱ ግን ውስጥ ውስጡን እያዘገመ ይሄዳል። የከሸፈ ይመስላል። አፈሙዙን ከኢላማው ሳይነቅሉ ቆሞ መጠበቅ ነው። እኛ ለጀማሪ መጀመሪያ የምናስተምረው ይሄን ነው። አየሩ ጭጋጋም ሲሆን በተለይ።"

"የተክሌ ምስክር ሁልጊዜ ማን ነበር?"

"ኡርጌሳ ነዋ። ከመጀመሪያው ጀምሮ።"

ሶስና ስልኩን ዘግታ የመኪናዋ መጥረጊያ ወዲህ ወዲያ ሲል ስታየው ቆየች። ትናንት ኡርጌሳ በር ላይ የመለሰላትን አስታወሰች። ጠመንጃዬ ጥገና ቤት ናት አለ እንጂ አልሄድኩም አላለም።

*

ኡርጌሳ ጋራዡ በር ላይ ሆኖ ትልቅ ድስት ያጥባል። እንግዳው ሳስቷል። ሶስና እጅጌዋን ሰብስባ አጠገቡ ቆመችና ያጠበውን ማለቅለቅ ጀመረች። ፖሊስነቷ ለጊዜው ይቆይ ብላ ነው።

"ጋሼ፣ እርስዎ ጨርቅዎን በምንድነው የሚያለሰልሱት?"

"በቅቤ" አለ ሳያስብ። "ባለቤቴ ባነጠረችው። እኛ ጴንጤዎች ነን፤ ሁዳዴ አንጾምም። ተክሌ ይስቅብኝ ነበር። 'ያንተ ጥይት ጾም ያስፈታል፣ ወደ እኔ አታስጠጋው' ይለኛል።" ድስቱን ደግሞ መፈግፈግ ጀመረ።

"ጋሼ፣ ሰኞ ፍትሐት የለም።"

"እንዴት? ቄሱ ታመሙ?"

"ፖሊስ ራሱን አጥፍቷል ሊል ነው። ራሱን ላጠፋ ሰው ቤተ ክርስቲያን ፍትሐት አታደርግም።"

ድስቱ ከእጁ ወድቆ ኮንክሪቱ ላይ ጮኸ። "ተክሌ? ተክሌ ራሱን?" ድምፁ ከፍ አለ። "ማን ነው ይሄን ያለ? እኔ አደጋ ይላሉ ብዬ፣ ጠመንጃው ወድቆ ነው ይላሉ ብዬ... መክሊት ይሄን ታውቃለች?"

"ከትናንት ጀምሮ ብቻዋን ይዛው ነው የምታለቅሰው።"

ኡርጌሳ ተቀመጠ። ከሐሙስ ወዲህ መቀመጡን ሶስና ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር።

"እኔ ነኝ" አለ። "እኔ ነኝ፣ ልጄ።"

ጠበቃ ከመጣ በኋላ ሊናገር እንደሚችል፣ መብቱ እንደሆነ ነገረችው። አልሰማትም።

"ኢላማውን ጨርሶ ነበር። ደስ ብሎት አላየሁትም እንደዚያን ቀን። 'ዓይኔ ከመጥፋቱ በፊት ይሄን ካየሁ ይበቃኛል' አለኝ። 'በል አንተም አንድ ተኩስ፣ በእኔዋ ተኩስ' ብሎ ሰጠኝ። ጨርቄን ከኪሴ አውጥቼ አጎረስኳት። ምላጩን ሳብኩ። ጠቅ አለች፣ ዝም አለች። ዝም ካለችህ ቁም፣ እንደ ሐውልት ቁም፣ ብሎ ያስተማረኝ እሱ ነው። ያንን ሁሉ ዓመት። እኔ ግን ዞርኩ። 'ተክሌ፣ እምቢ አለችኝ' ልለው ከነጠመንጃው ዞርኩ። አፈሙዙን ሊገፋ እጁን ዘረጋ።"

ዝናቡ ጋራዡ ጣሪያ ላይ ይንሾካሾካል። ኡርጌሳ እጆቹን ገልብጦ አያቸው።

"ከዚያ ወዲያ ያለውን እንደ ሕልም ነው የማውቀው። ሞቷል። ዓይኑን ከደንኩት። ጭሱ አልሄድ ብሎ በላያችን ላይ ቆሟል። ራሴን ሳገኘው ጠመንጃዋን እያጠብኩ ነው። ቴርሞሱ ውስጥ ፍል ውሃ ነበረ። ባሩድ ነክቷት ሳትታጠብ ካደረች ትዝጋለች። ተክሌ ሳያጥባት ወደ ቤቱ ሄዶ አያውቅም። አጠብኳት፣ ወለወልኳት፣ ዘይት ቀባኋት። ማስረጃ ላጠፋ አይደለም፣ ልጄ። እንዳትዝግበት ብዬ ነው።"

ሶስና አመነችው። ሃያ ዓመት ያህል የውሸት ዓይነት ስትሰማ የኖረች ሴት፣ እንዲህ ያለ ውሸት የሚፈጥር ሰው ገና እንዳልተወለደ ታውቃለች።

"ኢላማውንስ?"

"ዛሬ ፖስታ ቤት አስገባልኝ ብሎኝ ነበር። አስገባሁለት።"

"ምስክር ላይ ለምን አልፈረሙም?"

"ምስክር የሆነ ሰው ያየውን መናገር አለበት።" ራሱን ነቀነቀ። "መክሊት እግሯ መሬት ሳይረግጥ ነው ያዘልኳት። አባትሽን ገደልኩት ልላት መጣሁ። እውነቴን ነው፣ ሐሙስ ማታ ልነግራት ነበር የመጣሁት። በሩን ከፍታ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። አፌ እምቢ አለኝ። ወንበር መሸከም ግን እችል ነበር። እሱን ቻልኩ።"

"ከእኔ ጋር መምጣት አለብዎት።"

"እስር አለው?"

"ልዋሽዎት አልፈልግም። ዐቃቤ ሕግ ነው የሚወስነው። ሊኖረው ይችላል።"

"ፍትሐቱስ?"

"ይደረጋል።"

"እንግዲያው ምን ቆምን" አለና ተነሣ።

*

ሰኞ ዕለት፣ ከማውንትሌክ ቴራስ አጠገብ ባለችው ቤተ ክርስቲያን፣ የአባ ኪዳነ ወልድ ድምፅ በተከፈተው በር ወደ ውጭ ይፈስሳል። ሶስና ግቢው ውስጥ ከኦልሰን ጋር ቆማለች። ኦልሰን ኮፍያውን አውልቆ ዝናቡ ራሱ ላይ እንዲወርድ ትቶታል። ዜማው ደስ ብሎታል፤ ቃሉን አንድም አያውቀውም።

ኡርጌሳ ከመንገዱ ማዶ ነው። ዐቃቤ ሕግ ጉዳዩን እስኪያይ ከከተማው እንዳይወጣ ተነግሮት ወደ ቤቱ ተለቋል። ሶስና ቅዳሜ ምሽቱን መክሊት ቤት ሄዳ ሁሉንም ነግራታለች። መክሊት ሰምታ ስትጨርስ ተነሥታ መኝታ ቤቷ ገብታ በሯን ዘጋች። ጠዋት አባ ኪዳነ ወልድ ለሶስና ደውለው ሲያመሰግኗት እንኳ ልቧ አላረፈም ነበር።

ሣጥኑ ወጣ። ዘካሪያስ ከፊት ይዟል፤ ዓይኑ ቀልቷል፤ ሶስና መክሊት ክንዱን ደግፋው ስትሄድ አይታ፣ ሥራ ማጣቱን እንደነገራት ገባት። ከኋላ በግራ በኩል አንዱ እጀታ ሰው የለውም። ሣጥኑ ወደዚያ ዘንበል አለ። ኦልሰን ሊያግዝ አንድ እርምጃ ሲራመድ መክሊት እጇን አንሥታ አስቆመችው።

ከዚያ ብቻዋን ጥቁር ነጠላዋን ሰብስባ መንገዱን ተሻገረች። መኪኖች ቆሙላት።  ኡርጌሳ ስትመጣበት ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ፤ ለመምታት የምትመጣ መስሎት ይሆናል፣ ፊቱን አልሸሸገም።

"ለምን እዚህ ቆሙ?" አለችው።

"ከዚህ ወዲያ መግባት አይገባኝም፣ ልጄ።"

"ልጄ አይበሉኝ።" ድምፅዋ ተሰበረ፤ ቢሆንም አላቆመችም። "ሦስት ቀን ሙሉ ቤቴ ውስጥ ውሃ ሲያጠጡኝ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ አባቴ ራሱን ገደለ ብዬ ሳለቅስ ነበር። ይቅር አላልኩዎትም። መቼ እንደምልዎትም አላውቅም።"

"ይቅር አትበይኝ።"

"ግን አባዬ ሰው ያማርጥ እንደነበር ያውቃሉ። እዚያ እጀታ ላይ ሌላ ሰው ባቆምበት አይወድልኝም።" ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። "ይምጡ ይያዙት። ሰው ቆሞ እየጠበቀ ነው።"

ኡርጌሳ እርጥብ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ከኋላዋ ተከተላት።